ትርጓሜ በኪሎ

ቅናሽ የማያስጎመጀው ሰው የለም። ጫማም ይሁን ድስት፣ "ቅናሽ" የሚል ወረቀት ከተለጠፈበት እግራችን ሳናዝዘው ወደዚያው ያዘነብላል። የመጽሐፍ ቅዱስ ማብራሪያም፣ ብዙዎቻችን ኮሜንታሪ የምንለው ማለቴ ነው፣ ከዚህ አላመለጠም። የመጻሕፍት ዐውደ ርእይ ሲከፈት፣ በዓል ሲቃረብ፣ የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት ሻጮችም "ይህን ሁሉ ጥራዝ በዚህች ዋጋ" ሲሉ፣ ሰባኪው፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪው፣ የነገረ መለኮት ተማሪው፣ በቤቱ በጸጥታ የሚያነበውም ምእመን ሁሉ ኪሱን ይዳስሳል።

መዳሰሱ አይከፋም። እኔን የሚያሳስበኝ ከዳሰሰ በኋላ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። "ስንት ጥራዝ ነው? ስንት በመቶ ቀነሰ? ሽፋኑ ጠንካራ ነው ወይ?" ይላል። "ማን ጻፈው? መቼ ጻፈው? የትኛውን ጥያቄዬን ይመልስልኛል?" የሚለው ግን ከናካቴው ተራ አይደርሰውም። አንድ ወዳጄ እንዲህ አድርጎ አንድ መደርደሪያ ሙሉ ገዛ። የአንድ አሳታሚ ተከታታይ ነው፤ ቀለሙ አንድ ዓይነት፣ ቁመቱ አንድ ዓይነት። ሳሎኑን አሳምሮለታል። እስካሁን የተገለጡት ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ!

"ታዲያ በገዛ ገንዘቡ ቢገዛ አንተን ምን አገባህ?" የሚለኝ ይኖራል። ሁለት ነገር ያገባኛል። አንደኛው ገንዘቡ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ መጽሐፍ ዋጋውም አብሮ ተሰቀለ። በአገልጋይ ደመወዝ ሳይመረጥ የተገዛ ጥራዝ ከልጆች ደብተርና ከጓዳ የተቀነሰ ነው። ሁለተኛውና የባሰው የአድማጩ ነገር ነው። እሑድ ጠዋት ወንበር ላይ የተቀመጡት እናትና አባት ሰባኪው ምን አንብቦ እንደመጣ አያውቁም። እርሱ በቅናሽ የገዛው አንድ መጽሐፍ የእነርሱ እምነት ይሆናል። መጽሐፉ ከተሳሳተ አብረው ይሳሳታሉ፤ የሚነግራቸውም የለም።

እንግዲህ በቅናሽ ሰሞን ሻጩን ሳያስቀይሙ፣ እዚያው ቆመው ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ፈተና አለ። የይሁዳን መልእክት ቁጥር 14ን ይግለጡ። እዚያ የሄኖክ ትንቢት ተጠቅሷል። መጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ከ81ዱ መጻሕፍት ትቆጥረዋለች። ስለዚህ ይህ ቁጥር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የጓሮው ጉዳይ ነው። ማብራሪያው እዚህ ላይ ምን ይላል?

በየሽያጩ ከማይጠፉት አንዱን፣ ማቴዎስ ሄንሪን እንውሰድ። ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1714 ሲሞት የደረሰው እስከ ሐዋርያት ሥራ ነበር። ከሮሜ እስከ ራእይ ያለውን ሌሎች አገልጋዮች ናቸው የጨረሱት። በሽፋኑ ላይ ያለው ስም ማቴዎስ ሄንሪ ይሁን እንጂ የይሁዳን መልእክት ያብራራው እርሱ አይደለም ማለት ነው። እነዚያ ሰዎች መጽሐፈ ሄኖክን አላነበቡትም፤ ሊያነቡትም አይችሉም። ጄምስ ብሩስ የግዕዙን ብራና ወደ አውሮፓ ያደረሰው እ.ኤ.አ. በ1773 ነው። ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ያሳተመው ደግሞ በ1821 ነው። ከዚያም በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከሙት ባሕር አጠገብ፣ ቁምራን በሚባለው ስፍራ፣ የሄኖክ ቁርጥራጮች በአራማይክ ተገኙ፤ በ1976 ታተሙ። ሪቻርድ ቦከም በ1983 ስለ ይሁዳና ስለ ሁለተኛ ጴጥሮስ የጻፈው ማብራሪያ ይህን ሁሉ አይቶ፣ መዝኖ የተጻፈ ነው። ሁለቱ መጻሕፍት በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ የቅናሽ ወረቀት ሥር ሊቀመጡ ይችላሉ። በመካከላቸው ግን ከ250 ዓመት በላይ አለ።

ሄንሪ አይነበብ ማለቴ አይደለም። ለጸሎትና ለተግሣጽ ዛሬም የሚጠቅም፣ ልብ የሚያሞቅ ጽሑፍ ነው። ነገር ግን የባለቤትነት መብቱ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል፤ በኤሌክትሮኒክ መልክ በነፃ ይገኛል። የጆን ካልቪንም የቆዩ ትርጉሞች እንደዚሁ። በነፃ የሚገኝን የኤሌክትሮኒክ ቅጂ "ከ70 በመቶ ቅናሽ ጋር" መግዛት እንዴት ያለ ትርፍ ነው?

ሌላም ልብ የማይባል ነገር አለ። አንዳንዴ መጽሐፍ ዋጋው የሚወርደው ተተኪው ስለመጣ ነው። ጎርደን ፊ በ1987 ያሳተሙትን የአንደኛ ቆሮንቶስ ማብራሪያ በ2014 አሻሽለው አወጡት። ዳግላስ ሙም የሮሜን በ1996 አውጥተው በ2018 አደሱት። አሮጌው እትም መጥፎ አይደለም፤ በርካሽ ከተገኘ ይገዛ። ግን ገዢው አሮጌ መሆኑን አውቆ ይግዛ። ተከታታይ የሚባለውም ቢሆን ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ጸሐፊዎቹ ብዙ ናቸው። አንዱ ዕድሜውን የሰጠበትን መጽሐፍ ይጽፋል፤ ሌላው ጊዜ ስለደረሰበት ብቻ ጽፎ ያስረክባል። በጅምላ ስንገዛ ለጎበዙም ለሰነፉም እኩል እንከፍላለን።

ወደ ቤታችን ስንመጣ ነገሩ ይለያል። የእኛው አንድምታ በመጻሕፍት ቤቶች አለ። የወንጌሉ፣ የጳውሎሱ፣ የዳዊቱ ትርጓሜ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ለኅትመት በቅቷል። አሠራሩን የማያውቅ ካለ እንዲህ ነው፤ የግዕዙ ንባብ ይቀመጣል፣ በአማርኛ ይፈታል፣ ከዚያም "አንድም" እየተባለ ሌላ ፍች፣ ሌላ ሐተታ፣ ሌላ ታሪክ ይከተላል። መምህሩ አንዱን ፍች አስቀምጦ በሩን አይዘጋም። ይህን ትምህርት ካጠኑት አንዱ እንግሊዛዊው ሮጀር ካውሊ ነበሩ። በ1983 እና በ1988 ባሳተሟቸው ሁለት መጻሕፍት እንዳሳዩት፣ ከአንድምታው ምንጮች መካከል በ1043 ያረፈው የባግዳዱ ኢብን አል ጠይብ በዓረብኛ የጻፈው ትርጓሜ ይገኛል። ሊቃውንቱ ከሩቅ የመጣውን ሳይንቁ ከራሳቸው ጋር አስማምተውታል ማለት ነው።

ታዲያ ሒስ የለበትም ወይ? አለበት እንጂ። እኔ ያየኋቸው ኅትመቶች የቃላት ማውጫ የላቸውም፤ ሐተታው ከየት እንደመጣ የሚጠቁም የግርጌ ማስታወሻ የለም፤ ለጀማሪ መንገድ የሚያሳይ መቅድም የለም። ጉባኤ ቤት ያልዋለ ሰው ገጹን ከፍቶ ይደናገራል። አሳታሚዎች እንዳለ እየደጋገሙ ከማተም ይልቅ አንድ ጊዜ አሰናድተው ቢያወጡት ምን ነበረበት? ከውጭ ቋንቋ ተተርጉመው ለሚሸጡት ማብራሪያዎችም የምለው አለኝ። የመጀመሪያው ጸሐፊ ስም፣ የታተመበት ዓመትና የተተረጎመበት እትም ያልተጻፈበትን ለመግዛት አልቸኩልም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን ገዢው ራሱ ነው። ኦርቶዶክሱ ከኦርቶዶክስ ሱቅ፣ ጴንጤውም ከጴንጤ ሱቅ ይገዛል፤ አንዱ የሌላውን በር አያንኳኳም። ከዚያ በኋላ "እነርሱ እንዲህ ይላሉ" እየተባለ ስለ ሌላው የሚነገረው ሁሉ ከወሬ የተለቀመ ይሆናል። አንድምታን ገልጦ የማያውቅ "ተረት ነው" ይላል። የዘመኑን ሊቃውንት አንብቦ የማያውቅም "መናፍቅ ናቸው" ብሎ ይዘጋዋል። የማያውቁትን መንቀፍ ደግሞ ቅናሽ እንኳ አያስፈልገውም፤ ድሮም ነፃ ነው።

እንግዲህ ምን እንግዛ? የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ስድሳ ስድስቱንም መጽሐፍ በአንድ ድምፅ የሚያብራራ ጥራዝ ከመደርደር፣ ዘንድሮ የሚያጠኑትን አንድ መጽሐፍ ይምረጡና በእርሱ ላይ የማይስማሙ ሁለት ማብራሪያዎችን ይግዙ። ማቴዎስን ከሆነ የወንጌሉን አንድምታ ይያዙ፤ ከጎኑ አንድ የዘመኑ ሊቅ ያስቀምጡ። አቅም ካለ በቶኩንቦ አዴዬሞ አዘጋጅነት 70 አፍሪካውያን ሊቃውንት ጽፈውት በ2006 የወጣውን ባለ አንድ ጥራዝ የአፍሪካ ማብራሪያ ይጨምሩ። ባለ አንድ ጥራዝ ስለሆነ ጥልቀቱን ከእርሱ አይጠብቁ፤ የእኛን ኑሮ የሚያውቅ ሰው ጥያቄ ግን ያገኙበታል።

ሁለት መጽሐፍ ሲጣላ አንባቢ ማሰብ ይጀምራል። ወደ ንባቡ ይመለሳል፣ ቃሉን ይመረምራል፣ "ይህኛው ለምን እንዲህ አለ?" ብሎ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ሰባኪ መድረክ ላይ ሲወጣ "ሌላም ፍች አለ" ለማለት አያፍርም። አድማጩም ያን ሲሰማ፣ ከሌላ ቤተ ክርስቲያን የመጣ ጎረቤቱን ሳይሰማ አይፈርድበትም። አባቶቻችን ለዚህ አንዲት ቃል አስቀምጠውልን ነበር፤ "አንድም" ይሏታል።