የባለቤት ስም በፊልም ጫፍ፤ ስለ ቫያኮም አርማዎች

አንድ የቴሌቪዥን ትርኢት ተፈጽሞ የደራሲውና የተዋንያኑ ስም ካለፈ በኋላ፥ ዐሥር ሰኮንድ እንኳ የማይሞላ ምልክት ከዜማ ጋር ብቅ ብሎ ይጠፋል። ተመልካቹ ብዙውን ጊዜ ከመቀመጫው የሚነሣው በዚህ ሰዓት ስለ ሆነ፥ ምልክቱን ሊመረመር እንደሚገባው ነገር የሚቈጥረው ሰው እምብዛም አይገኝም። እኛ ግን ምርመራ ይገባዋል እንላለን። ምልክቱ በራሱ አጭር የሥዕልና የዜማ ሥራ ከመሆኑም በላይ፥ ትርኢቱ በማን እጅ እንዳለፈ የሚመሰክር ማኅተም ነው። ለዚህም የአሜሪካው አከፋፋይ ኩባንያ የቫያኮም ታሪክ መልካም ምሳሌ ይሆነናል።

ሲቢኤስ የተባለው ታላቅ የቴሌቪዥን ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1952 ዓ.ም. ፊልሞቹን ለየከተማው ጣቢያ የሚሸጥ ክፍል አቋቋመ። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) በ1970 የአሜሪካ መንግሥት የመገናኛ ኮሚሽን፥ ሦስቱ ታላላቅ ድርጅቶች ማለት ኤቢሲ፥ ኤንቢሲና ሲቢኤስ በስርጭቱ ላይ የማከፋፈሉንም ንግድ ጨምረው እንዳይዙ የሚከለክል ደንብ አወጣ። በዚህ ምክንያት ያ ክፍል ከወላጁ ተለይቶ በ1971 ቫያኮም በሚል ስም ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆነ።

ስሙ አዲስ ቢሆንም የወረሰው ሀብት አሮጌ ነበር። «አይ ላቭ ሉሲ» በመጀመሪያ የታየው ከ1951 እስከ 1957፥ «ዘ ትዋይላይት ዞን» ደግሞ ከ1959 እስከ 1964 ሲሆን፥ ያን ጊዜ ቫያኮም የሚባል ስም ገና አልተወለደም። ሆኖም እነዚህ ሥራዎች ለድጋሚ ትርኢት ሲከፋፈሉ በጫፋቸው ላይ የቫያኮም ምልክት ተቀጠለባቸው።

ከምልክቶቹ ሁሉ ስሙ የገነነው በ1976 የወጣው ነው። ቪ የሚባለው የላቲን ፊደል ወደ ተመልካቹ እየገዘፈ ሲመጣ ከበሮ ያጕረመርማል፤ መለከት የሚመስል ድምፅም ይከተለዋል። በልጅነታቸው የፈሩት ሰዎች በኋላ «የጥፋት ቪ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለታል። ኀይሉን አንክድም፤ በአንድ ፊደልና በጥቂት ኖታ ከአእምሮ የማይጠፋ ነገር መሥራት ቀላል አይደለምና። ጕድለቱ ግን ከቦታው ጋር አለመስማማቱ ነው። በሉሲል ቦል ቀልድ ሲሥቅ ያመሸ ቤተ ሰብ ሣቁን ሳይጨርስ የዐዋጅ ነጋሪት የሚመስል ድምፅ ይወርድበታል። ማኅተም የደብዳቤውን ቃል ሊያጸና እንጂ ከቃሉ በላይ ሊጮኽ አይገባውም።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ነቀፌታ አለን። አከፋፋዮች አርማቸውን በለወጡ ቍጥር በፊልሙ ጫፍ ያለውን የቀድሞ ምልክት ብዙ ጊዜ እየቈረጡ አዲሱን ይተኩበታል። በአገራችንም የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ስም የተጻፈባቸው የብራና መጻሕፍት አሉ። ነገር ግን በብራናው ላይ የተፋቀው ስፍራ ራሱ ይመሰክራል፤ የፊልሙ ቍራጭ ከተጣለ ግን ለተመልካቹ ምንም ፍንጭ አይቀርለትም።

ጉዳቱ ምን ያህል እንደ ሆነ የኩባንያው የኋላ ታሪክ ያስረዳል። የ1970ው ደንብ በ1990ዎቹ ዓመታት ከተሻረ በኋላ፥ ቫያኮም በ2000 የወለደውን ሲቢኤስን ጠቅልሎ ያዘ። በ2005 መጨረሻ ሁለቱ ተለያዩ፤ በ2019 እንደገና ተዋሐዱ፤ በ2022 ፓራማውንት ተባሉ፤ በ2025ም ከስካይዳንስ ጋር ተቀላቀሉ። ዛሬ ቫያኮም የሚለው ቃል በኩባንያው መጠሪያ ውስጥ የለም። ስሙ እንዲህ የሚለዋወጥ ባለቤት የፊተኞቹን ማኅተሞች እየቈረጠ ከጣለ፥ ኋለኛው ትውልድ «አይ ላቭ ሉሲ»ን የሠራው ዴሲሉ የተባለው የሉሲል ቦልና የዴዚ አርናዝ ድርጅት መሆኑን ትቶ ሻጩን እንደ ሠሪ ሊቈጥር ይችላል።

ነጋዴ በገዛው ዕቃ ላይ ስሙን ማኖሩን አንቃወምም፤ መብቱ ነው። የምንጠይቀው አዲሱ ስም በአሮጌው ላይ ይጨመር እንጂ አሮጌው አይጣል ብለን ብቻ ነው። የእያንዳንዱ ዘመን ማኅተም በየተራው ቢቀመጥ አከፋፋዩ የሚያጣው ጥቂት ሰኮንድ ነው፤ ሥራው ግን የትውልዱን ሐረግ ይዞ ይኖራል።