ለብዙኃኑ የተሠራ ጥበብ

የቦምቤይን የገበያ ፊልም እንደ ተርታ ነገር የሚንቁ ሊቃውንት ባይጠፉም፣ ሣቅንና ዕንባን ለእልፍ ተመልካች በአንድ ጊዜ ማደል የጥበብ መዓርግ መሆኑን ሊያይ የሚሻ ሰው፣ ዳይሬክተሩ ማንሞሃን ዴሳይ በ1977 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «አማር አክባር አንቶኒ» ቢመለከት በቂ ምስክር ያገኛል።

በሕንድ የነፃነት በዓል ዕለት ከጋንዲ ሐውልት ሥር የተለያዩ ሦስት ወንድማማቾች፣ አንዱ በሂንዱ፣ አንዱ በእስላም፣ አንዱ በካቶሊክ ቄስ እጅ አድገው፣ መኪና ለገጫት ዓይነ ስውር ሴት፣ እናታቸው መሆኗን ሳያውቁ፣ ደም ይለግሳሉ። ሦስቱ ጎን ለጎን ተጋድመው ሳሉ፣ ከየክንዳቸው የሚቀዳው ደም በቀጭን ቱቦ ሽቅብ ወጥቶ በአንድ ጠርሙስ ይዋሐድና ወደ እናቲቱ ክንድ ይወርዳል። ሐኪም ቢጠየቅ ይህ ከቶ አይሆንም ይላል፤ ዴሳይ ግን ከሕክምናው ሕግ የምሳሌውን ሕግ አስበልጦ፣ የሦስት ሃይማኖት ሰዎች የአንዲት እናት ልጆች መሆናቸውን፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ በሚገባው ሥዕል፣ ያለ ስብከት አስረዳ።

ከዚህ በኋላ ተመልካቹ በኀዘን ብቻ እንዳይከብድበት፣ አንቶኒን ሆኖ የሚጫወተው አሚታብ ባቻን ሰክሮ የቆሰለ ፊቱን ሊያክም ሲነሣ መድኃኒቱን ለመስተዋቱ ሲቀባ ያሳየናል። ዘፈኑ፣ ጠቡ፣ ቀልዱና ልቅሶው እንዲህ በየተራቸው በልክ መመደባቸው የዘፈቀደ ሥራ አይደለም፤ ዴሳይ በዚያው ዓመት አራት ፊልሞች ለሕዝብ ማቅረቡም የእጁን ፍጥነት ያመለክታል። ቲኬት ገዝቶ የገባውን ድኻ ሠራተኛ እንደ ክቡር እንግዳ የሚያስተናግድ ጥበብ፣ ከሊቃውንቱም ዘንድ ምስጋና ይገባዋል።