ስለ በገና ውድድርና ከመጋረጃው በስተ ኋላ ስላለው ነገር

በገና በመጽሐፍ ቅዱስ የሚታወቀው ልብን በማሳረፉ ነው። ልበ አምላክ ዳዊት ገና ብላቴና ሳለ በሳኦል ፊት በገናውን ሲደረድር ክፉው መንፈስ ይርቅ፣ ንጉሡም ያርፍ ነበር። ነገር ግን ያው መጽሐፍ ሌላውንም ነገር አልሸሸገም። ሴቶች በዘፈናቸው ሳኦልንና ዳዊትን በቍጥር ካመዛዘኑ በኋላ፣ ያው በገና ሲደረደር ንጉሡ ጦር ወረወረ። በገናው አልተለወጠም፤ ደርዳሪውም አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰሚው ልብ ነው፤ የለወጠውም ማወዳደር ነው። እንግዲህ በገና ደርዳሪዎች ከየአገሩ ተሰብስበው በዳኞች ፊት ስለሚወዳደሩበት ሥርዓት የሚመረምር ሰው ከዚህ ታሪክ ቢነሣ ከነገሩ አልራቀም።

እንዲህ ካሉት ውድድሮች ስመ ጥሩ የሆነው በ1959 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በእስራኤል አገር የተመሠረተው ነው። አሳቢው አሮን ጽቪ ፕሮፔስ ይባላል። የዳዊት በገና በተሰማበት ምድር የዓለም በገና ደርዳሪዎች መሰብሰባቸው ተገቢ መስሎ ታየ፤ በመጀመሪያውም ውድድር ሱዛና ሚልዶኒያን አንደኛ ሆነች። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1989 ዓ.ም.፣ መምህርቱ ሱዛን ማክዶናልድ በአሜሪካ በብሉሚንግተን ከተማ ሌላ ውድድር አቋቋመች፤ እርሱም በየ3 ዓመቱ እንዲደረግ ተወሰነ። የአንደኛው ሽልማት በቺካጎ የሚገኙት ሊዮን ኤንድ ሂሊ የተባሉት ሠሪዎች የሚሠሩት በወርቅ የተለበጠ በገና ነው።

ሐርፕ የሚባለው ይህ የአውሮፓ በገና ከኢትዮጵያው በገና ጋር በስም ቢገናኝም በአሠራር አንድ አይደለም። የኢትዮጵያው በገና 10 አውታር አለው፤ ድምፁም በእንዚራው ምክንያት እየነዘረ ይወጣል፤ በዐቢይ ጾምም ለጸሎትና ለንስሐ ይደረደራል። ሐርፕ ግን 47 አውታርና 7 የእግር መርገጫ አለው። እያንዳንዱ መርገጫ ሦስት ደረጃ ስላለው፣ ደርዳሪው እጁ በአውታሩ ላይ ሲሮጥ እግሩ ደግሞ ድምፁን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ይህንንም ሥራ ሴባስትያን ኤራር በ1810 ዓ.ም. ወደ ፍጻሜ አደረሰው።

በአዳራሹ የተቀመጠ ሰው የሚያየው ወርቁንና ያማረውን ልብስ ነው። ከመጋረጃው በስተ ኋላ ያለው ግን ከዚህ የተለየ ነው። በዚያ ተወዳዳሪው ተራውን በዕጣ ይጠብቃል። 40 ኪሎ ያህል የሚመዝነውን የገዛ በገናውን ባሕር አሻግሮ ማምጣት ስለሚያስቸግረው፣ ብዙ ጊዜ የሚደረድረው በተሰጠው በገና ነው፤ የመርገጫውን ጥንካሬና የአውታሩን ልማድ በጥቂት ሰዓት ሊማር ይገባዋል። የመካከለኞቹ አውታሮች ከእንስሳ አንጀት የተሠሩ ስለ ሆኑ የአየሩ እርጥበትና የመብራቱ ሙቀት ይለውጣቸዋል፤ ተቃኝቶ የወጣው በገና በመድረክ ላይ ቅኝቱን ይስታል፤ አንዳንድ ጊዜም አውታሩ በመካከል ይበጠሳል። ጣቱም ቆዳው እስኪደድር ድረስ ደክሟል። ከዚህ ሁሉ ድካም በዳኞች ፊት የሚቈጠርለት አንዳች የለም፤ የሚቈጠርበት ግን አለ።

ስለ ዳኞቹም ፍርድ በሚዛን መናገር ያስፈልጋል። የዚህ በገና መምህራን ጥቂቶች ስለ ሆኑ፣ ዳኛው የአንዱ ተወዳዳሪ መምህር ሆኖ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ መምህር በደቀ መዝሙሩ ላይ ድምፅ እንዳይሰጥ የሚከለክል ሕግ መኖሩ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ከአድልዎ የሚብስ ሌላ አደጋ አለ፤ ይኸውም የቍጥር አደጋ ነው። የብዙ ዳኞች ነጥብ ተደምሮ ሲካፈል፣ አንዱን ዳኛ እጅግ ያስደሰተ ሌላውን ግን ያስከፋ ደርዳሪ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ማንንም ያላስከፋ፣ ማንንም ያልነካ ደርዳሪ ወደ ፊት ያልፋል። ስሕተት በቀላሉ ይቈጠራል፤ የልብ መነካት ግን መስፈሪያ የለውም። እንዲህም ሲሆን ብላቴናው ከጥንት ጀምሮ የሚማረው መዘመርን ሳይሆን አለመሳሳትን ይሆናል።

እንደዚህም ቢሆን ውድድርን ፈጽሞ የሚነቅፍ ሰው ፍርዱን አጐደለ። የዚህ በገና ምርጥ ድርሰቶች ራሳቸው ከፉክክር የተወለዱ ናቸውና። በ1904 ዓ.ም. ፕሌየል የተባለው የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ፣ መርገጫ የሌለውን በሁለት ረድፍ በሚተላለፉ አውታሮች የተሠራውን አዲስ በገናውን ለማስታወቅ ክሎድ ደቡሲን ድርሰት ለመነው። ደቡሲም በብሩሴል የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመፈተኛ የሚሆን «ቅዱስ ጭፈራና ዓለማዊ ጭፈራ» የተባለውን ሠራ። የኤራር ቤትም እንዳይበለጥ በ1905 ዓ.ም. ሞሪስ ራቬልን አሠራ፤ እርሱም በገናን ከዋሽንት፣ ከክላሪኔትና ከአራት ባለ አውታር መሣሪያዎች ጋር አስማምቶ ደረሰ። የነጋዴዎቹ ክርክር ዛሬ ተረስቷል። የፕሌየል በገና ከአገልግሎት ወጥቷል፤ ለእርሱ የተጻፈው ድርሰት ግን በተቀናቃኙ በገና ላይ ይደረደራል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ፉክክር ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ የሥራው ዕድሜ ግን ከፉክክሩ አይመጣም።

ደርዳሪን በእውነት የሚፈትን ድርሰት ካስፈለገ፣ ጳውል ሂንደሚት በ1939 ዓ.ም. ከአገሩ ከጀርመን ወጥቶ በስዊስ ሳለ የጻፈው የበገና ሶናታ አለ። ሦስተኛው ክፍሉ የተሠራው ሄልቲ በተባለው የጀርመን ባለቅኔ ግጥም ላይ ነው። ባለቅኔው ወዳጆቹን ሲለምን፣ በሞተ ጊዜ ትንሿን በገናውን ከመሠዊያው በስተ ኋላ እንዲሰቅሉለት ይላል፤ በዚያም አውታሮቹ ማንም ሳይነካቸው በቀስታ ይሰማሉ። በባቢሎን ወንዝ ዳር በገናቸውን የሰቀሉትን ምርኮኞች በ136ኛው መዝሙር ያነበበ ሰው፣ ከአገሩ የተሰደደ ደራሲ ይህን ግጥም ስለ ምን እንደ መረጠ ለመገመት አይቸገርም። በዚህ ክፍል ጥድፊያ የለም፤ የጣትን ፍጥነት የሚያሳዩበት ስፍራም የለም። ደርዳሪው በአንዲት ድምፅና በሌላዪቱ መካከል ያለውን ዝምታ ሊጠብቅ ብቻ ይገባዋል። ፈጣኑ ተወዳዳሪ በዚህ ራቁቱን ይቀራል፤ ትሑቱ ይገለጣል።

እንግዲህ ፍርዱ እንዲህ ቢሆን የተገባ ነው። ውድድሩ ለድኻው ብላቴና መንገድ ይከፍታል፤ ከሩቅ አገር የመጣው በስሙ ሳይሆን በሥራው እንዲሰማ ያደርጋል፤ የወርቁም በገና ሊገዛው ለማይችል ሰው የዕድሜ መሣሪያ ይሆነዋል። ይህን ጥቅም መካድ አይቻልም። ነገር ግን አዘጋጆቹ ከፈጣኖቹ ድርሰቶች ጋር እንደ ሂንደሚት መዝሙር ያለውን ዝግ ያለ ሥራ ሁልጊዜ ሊያስገድዱ፣ ዳኞቹም ስሕተትን ከመቍጠር አስቀድመው ልባቸው ያረፈበትን ሊጽፉ ይገባቸዋል። በሳኦል ቤት የተገኘው የበገና መስፈሪያ የሰሚው ማረፍ ነበር፤ ከእርሱ የሚሻል መስፈሪያ እስካሁን አልተገኘም።