መጀመሪያ ዳዊቱ

በቅርቡ ማኅበራችን ውስጥ የገባች አንዲት ወጣት ነርስ ከጸሎት ስንወጣ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «እትዬ፣ አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለችኝ። «እኛ እዚህ ቆመን ዳዊት ስንደግም አሸዋ ሜዳ ያሉት እናት እርጥብ አንሶላ ላይ ሆነው ይጠብቁናል። በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ ያለበትን ሰው እያስጠበቅን የምንጸልየው ጸሎት እግዚአብሔርን ደስ ያሰኘዋል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሥራውን የማያውቅ ሰው አይጠይቀውም። ቡራዩ ውስጥ አልጋ ላይ የዋሉ አረጋውያንን ቤት ለቤት እየዞርን ማጠብ ከጀመርን ወዲህ አዳዲስ ገቢዎች አንድ ቀን ይህንኑ ማንሳታቸው አይቀርም፤ የሚያነሡትም ብዙ ጊዜ ጎበዞቹ ናቸው። ያን ዕለት መኪናው ቆሞ ይጠብቀን ስለነበር በአጭሩ መለስኩላት። እዚህ ግን ዘርዘር አድርጌ ልናገር። በዚህ ጉዳይ ከብዙ ሰው ጋር ተከራክሬያለሁ፤ ሐሳቤን የለወጠልኝ የለም።

ቀላሉን ላስቀድም። የምንጸልይበት ሰዓት ከእናታችን የተወሰደ አይደለም፤ ከእንቅልፋችን የተወሰደ ነው። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት የምንሰበሰበው ለዚህ ነው። በሰዓቱ ያልመጣ ሰው የዚያን ቀን አይሰማራም። አንሶላ ይጠብ፣ ስንቅ ያዘጋጅ፤ በሽተኛ ቤት ግን አይገባም። ነርሷም በበኩሏ ጥያቄዋን ጥያቄ ብቻ አድርጋ አልተወችውም። የበሽተኞቹን ልጆችና የልጅ ልጆች ሌሊት እንዴት እንደሚያገላብጡ አስተማረች፤ ሰዓቱንም ጽፋ ግድግዳ ላይ ለጠፈችላቸው። እኛ ሳንደርስ በፊት አንሶላው የሚቀየርበት ቤት ዛሬ ብዙ ነው። በዚህ በኩል ባለ ዕዳዋ ነኝ። ሰው ቢደማ፣ ነፍስ ልትወጣ ብትል ደግሞ ዳዊቱን መሐሉ ላይ አጥፎ መሮጥ ግዴታ ነው፤ አባቶችም እንግዳ ሲመጣባቸው ጸሎታቸውን አቋርጠው ይቀበሉ ነበር። እኔ የምቃወመው ቀኑን ሁሉ የድንገተኛ ቀን ማድረግን ነው።

ከባዱ ክርክር «አገልግሎት ራሱ ጸሎት ነው» ከሚሉት ጋር ነው። ይህን ቃል ከአንድ አረጋዊ መነኩሴ አፍ ብሰማው ዝም እላለሁ። ዕድሜ ልኩን ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ሲጠብቅ የኖረ ሰው እንጨት ሲፈልጥም ልቡ እዚያው ናት። ጸሎት እያቆመ ያለ ሰው ሲለው ግን የስንብት ቃል ነው። አካሄዱን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ መጀመሪያ ውዳሴ ማርያሙ ታክሲ ውስጥ ከስልክ ይነበባል፤ ቀጥሎ ታክሲው ውስጥ የቀኑ ስምሪት ይወራል፤ ከዚያ «ዋናው ልብ ነው» ይመጣል። ያ ሰው ምን እንደጎደለው ከሁላችን በፊት የሚያውቀው አልጋ ላይ ያለው ሰው ነው።

በምን ያውቃል ብትሉኝ፣ ሳይጸልይ የመጣ ሰው ወሬ ያበዛል። ዝምታ ያስጨንቀዋል። ገላ እያጠበ ከጓደኛው ጋር ስለ ሌላ ጉዳይ ይጨዋወታል፤ የሚታጠበው ሰው እየሰማ መሆኑን ይረሳል። እጁ ይቸኩላል፤ የውሃውን ሙቀት በክርኑ አይሞክርም። ምርቃት ይጠብቃል፤ ሲመረቅ ፊቱ ይፈካል፣ ሲሰደብ ቀኑ ይበላሽበታል። ሳይታወቀውም የሚመረቅበትን ቤት መምረጥ ይጀምራል። ይህን ስል ክፉ ሰዎች ናቸው ማለቴ አይደለም። ደጎች ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ከበሽተኛው የሚመለስ ነገር ይፈልጋል፤ ከአልጋ የማይነሣ ሰው ደግሞ የሚመልሰው የለውም።

ከታ ውስጥ አንድ የቀድሞ ወታደር ነበሩ። ሳሙናውን ይወረውራሉ፣ በእናት ይሳደባሉ፣ የተጠቡበትን ውሃ ሆን ብለው ይደፋሉ። ወደ እሳቸው የሚላኩት ልጆች በየተራ ምክንያት ማምጣት ጀመሩ፤ አንዱ ፈተና አለብኝ፣ አንዱ ወገቤን አሞኛል። በመጨረሻ የጸናው አንድ የቀን ሠራተኛ ነበር፤ ሳምንቱን ሲሚንቶ ሲሸከም የሚውል፣ ዳዊቱን በቃሉ ያጠና። አንድ ቀን አብሬው ሄጄ አየሁት። ሽማግሌው ሲሰድቡት አይመልስም፣ ፈገግም አይልም፤ «እሺ አባባ» ብሎ ጀርባቸውን ማሸቱን ይቀጥላል። ፈገግ አለማለቱን ነው የወደድኩት። የሌሎቹ ፈገግታ ሽማግሌውን ለማሸነፍ የሚደረግ ነበር፤ እሱ ግን ከሽማግሌው ምንም የሚፈልገው ነገር አልነበረም። ስንመለስ እንዴት እንደሚችላቸው ጠየቅሁት። «እትዬ፣ እኔ ሌሊት እግዚአብሔር ፊት ቆሜ ማንነቴን ሁሉ ተናግሬ ነው የምመጣው፤ የሳቸው ስድብ አዲስ ነገር አይነግረኝም» አለኝ። ሽማግሌው እስኪያርፉ ድረስ የቀበሌ ጎረቤቶቻቸው እንኳ የማይደፍሩትን ቤት እሱ ብቻውን ይዞት ነበር።

ከዚህ የተነሣ አዳዲሶቹን የማስለምዳቸው አንድ ነገር አለ፤ ካህናቱም ሁሉ አይስማሙበትም። በነግህ ስለ በሽተኞቻችን አንጸልይም። ዳዊቱ፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ ስግደቱ፣ ከዚያ ዝምታ። የበሽተኞቹ ስም የሚጠራው ማታ ስንመለስ፣ በሠርክ ነው። ጠዋት ስማቸው ከተነሣ ጸሎቱ ወዲያው ስብሰባ ይሆናል። የእገሌ ዳይፐር አልቋል፣ የእገሊት መድኃኒት ዛሬ ይመጣል፣ ሆስፒታል ማን ይዟቸው ይሂድ። ሰውየው ቆሟል፣ ከንፈሩም ይንቀሳቀሳል፤ ልቡ ግን ሥራ ጀምሯል። ስለዚህ በነግህ እያንዳንዱ የገዛ ነፍሱን ብቻ ይዞ ይቁም እላለሁ። ቂሙን ይዞ፣ ከሚስቱ ጋር ያደረበትን ጠብ ይዞ፣ ባለፈው ሳምንት ያላመሰገነችውን በሽተኛ ትዝታ ይዞ። ስልክ በር ላይ ባለው ቅርጫት ይቀመጣል። ግእዙ የማይገባው በአማርኛ ይድገም። ድምፁ አይጩህ። ሰዓት ካጠረ ከዳዊቱ ይቀነስ እንጂ ከዝምታው አይቀነስ። ሁሉም ሰው ማሳጠር የሚፈልገው ዝምታውን ነው፤ ሥራው ያለው ግን እዚያ ነው፤ ሌላው ሁሉ ወደዚያ ማድረሻ ነው። በዝምታው ውስጥ መጀመሪያ የሚመጣው ድካም ነው፤ ቀጥሎ ቁጣ ይመጣል፤ ቁጣው በማን ላይ እንደሆነ ሲታወቅ ብዙ ጊዜ ያ ሰው ጥቂት ቆይቶ ሊያጥበው የሚሄደው ሰው ነው። ይህን ውስጡ ሳለ ያላየ ሰው በእጁ ይዞት ይሄዳል።

አንድ የማኅበራችን አባት ይህን ለማስረዳት ሁልጊዜ ገፈርሳን ይጠቅሳሉ፤ ግድቡ ካልሞላ አዲስ አበባ ቧንቧው ምን ያወርዳል ይላሉ። ለቡራዩ ሰው ቶሎ የሚገባ ምሳሌ ነው፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ጸሎት ለአገልግሎት ተብሎ የሚጠራቀም ከሆነ ጌታው አገልግሎት ሆነ፣ ጸሎት አሽከር ሆነ ማለት ነው። እግዚአብሔር ፊት የምንቆመው እርሱ እግዚአብሔር ስለሆነ ነው። አሸዋ ሜዳ ያሉት እናት ነገ ድነው ቢነሡ፣ በቡራዩ አንድም ድውይ ባይቀር እንኳ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንቆማለን።

ከሐዋርያት ሥራ ሰባቱን ዲያቆናት የሚጠቅሱብኝ አሉ። ሐዋርያት ለጸሎትና ለቃሉ ሲተጉ ማዕዱን ለሌሎች ሰጡ፤ እኛም የማዕዱ ሰዎች ነን ይላሉ። ያንኑ ምዕራፍ ደግመው ያንብቡ። ለማዕድ ከሚመረጡት ሰዎች የተፈለገው በመልካም የተመሰከረላቸው፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው መሆናቸው ነው። ከመካከላቸውም ቀዳሚው ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው፤ እየተወገረ ለሚወግሩት የጸለየው። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫንም ይጠቅሱብኛል፤ ሐይቅ ላይ እህል እየፈጨ ነው የከበረ ይላሉ። እውነት ነው፣ ፈጭቷል። ነገር ግን ከወፍጮው ተነሥቶ የሚሄደው እመቤታችን ሥዕል ፊት ነበር፤ ትቶልን ያለፈውም ሰዓታትን ነው።

በሱሉልታ በኩል ወደ ደብረ ሊባኖስ ተሳላሚ ሲያልፍ ባየሁ ቁጥር ደግሞ ስለ አቡነ ተክለ ሃይማኖት አስባለሁ። ሰው ሁሉ የሚያነሣው ቆመው ሲጸልዩ እግራቸው መሰበሩን ነው። እኔ የማነሣው ከዚያ የቀደመውን ነው። ገድላቸው እንደሚተርከው በሸዋና በዳሞት ሰብከው፣ ብዙ ሕዝብ አጥምቀው፣ ከዚያ በኋላ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሄደው በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ሥር እንደ ማንኛውም ረድእ ታዘዙ፤ ቀጥሎም ደብረ ዳሞ ወጡ። ደብረ አስቦን፣ የዛሬውን ደብረ ሊባኖስ፣ የመሠረቱት ከዚያ ሁሉ ተመልሰው ነው። ያን ያህል ፍሬ ያፈራ ሰው፣ ሕዝብ የሚከተለው ሰው፣ ሥራውን አስቀምጦ ጀማሪ ሆነ። ያጠመቃቸው ሰዎች ያኔ እሱ አያስፈልጋቸውም ነበር? ያስፈልጋቸው ነበር። ሄደ።

ክርክሩ የኦርቶዶክሳውያን ብቻ አይደለም። የማዘር ቴሬዛ እኅቶች ወደ አገራችን የገቡት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 ነው። በዚያው ዓመት ማኅበራቸው ቀድሞ በሳምንት አንድ ጊዜ የነበረውን በቅዱስ ቁርባን ፊት የሚደረግ የአንድ ሰዓት ጸሎት የየዕለት አደረገው። ሥራ ሲበዛበት ሌላው ሠራተኛ ይጨምራል፤ እነሱ ጸሎት ጨመሩ። ስድስት ኪሎ ያለውን ቤታቸውን ያየ ሰው ሥራቸው በዚህ እንዳልተበደለ ያውቃል።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በግንቦት 1964 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጽፋ ነበር። የውጭ ረጂዎች ለልማት ሥራ ገንዘብ ሲሰጡ ለወንጌል ሥራ እጃቸው ያጥር ነበር። ደብዳቤው ሰውን ሁለት ቦታ አትክፈሉት የሚል ነው፤ የውስጥ ሰውነቱ ያልታደሰ ኅብረተሰብ ጤናማና ዘላቂ ልማት አይኖረውም የሚል። ያኔ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በወጣትነታቸው ነቀምት ሆስፒታል ድሬሰር ሆነው የሠሩ ናቸው። ቁስል የሚያውቅ ሰው ነው ይህን ያለው። ደርግ ሲያሳድዳቸው ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው እንቢ አሉ፤ ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ። በእምነት ብንለያይም ስማቸውን በአክብሮት አነሣለሁ።

መናገሻ ያለው የቼሻየር ማእከል ከ1950ዎቹ ጀምሮ ፖሊዮ የጎዳቸውን ልጆች ሲረዳ ኖሯል፤ የነግህ ጸሎት ደንብ ሳይኖረው ስንቱን ልጅ በእግሩ አቁሟል። ይህን የሚያህል በጎ ሥራ አላንኳስስም። እዚያ ግን ሐኪም አለ፣ ደመወዝ አለ፣ ፈረቃ አለ፤ የደከመው በሌላ ይተካል። እኛ የጽዋ ማኅበር ሰዎች ነን፤ ይዘን የምንሄደው ሳሙናና ራሳችንን ብቻ ነው። ስለዚህ እኛን የሚመስለን ሰበታ ያለው የጌቴሴማኒ ቤተ ደናግል ነው። እናቶች ወላጅ ያጡ ልጆችን ያሳድጋሉ፣ በእጃቸው ሠርተው ያድራሉ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ግን ሥራው ይቀመጣል። ልጅ ማሳደግ ሥራ በዝቶብኛል ለማለት የሚበቃ ምክንያት እንደሆነ እናት የሆነ ሁሉ ያውቃል።

ለእኔ ለራሴ ይህ ሰዓት ምን እንደሆነ የገባኝ ባለፈው ክረምት ነው። ጉልበቴን ኦፕራሲዮን ሆኜ ከአልጋ መውረድ አቃተኝ፤ የማኅበሩ ልጆች እኔኑ ሊያጥቡኝ መጡ። ሥራዬ፣ በሠፈሩ የምታወቅበት ነገር ሁሉ ቆመ። ያልቆመው አሥራ አንድ ሰዓቱ ነበር። መቆም ስለማልችል ተቀምጬ ደገምኩ፤ መቀመጥ ሲያቅተኝ ተኝቼ። ከዚያ ቀደም ጸሎቴ ምን ያህል የራሴ እንደሆነ ማወቂያ አልነበረኝም፤ ሁልጊዜ ከኋላው የሚጠብቅ ሥራ ነበረ። ያን ክረምት የሚጠብቅ ነገር አልነበረም፤ ያም ሆኖ ደስታው አልጎደለም፤ እንዲያውም ከልጅነቴ ወዲህ እንደዚያ ሰፍቶልኝ አያውቅም።

በዚያው ሰሞን አንዲት የማኅበራችን እኅት ስትሮክ መታት፤ ግራ ጎኗ ዛለ። ከሁላችን በላይ የደከመች፣ ክፉውን ቁስል ለሌላ የማትተው ሴት ናት፤ በነግህ ግን ሁልጊዜ የምትዘገየው እሷ ነበረች፤ «ሥራ ይበልጣል» ባይ ነበረች። ድኜ ልጠይቃት ስሄድ «ከእንግዲህ ምን ልሁን?» ብላ አለቀሰችብኝ። እመግብሻለሁ አላልኳትም፣ ብዙ ሠርተሻልም አላልኳትም። በማግስቱ ሌሊት ስልክ ደወልኩላትና የሰኞውን ውዳሴ ማርያም እኔ አንዱን፣ እሷ አንዱን እያልን ደገምን። ማክሰኞም ደገምን። ብዙ ቀን ያለ ፍቅር፣ ለእኔ ስትል ነበር የምትደግመው፤ ድምፅዋ ይነግረኝ ነበር። ከዐቢይ ጾም በኋላ ግን ስደውልላት ጀምራ አገኘኋት። አሁን በአሥራ አንድ ሰዓት ያልመጣውን ሁሉ ደውላ የምትቀሰቅሰው እሷ ናት፤ ምክንያትም አትቀበልም።