የራጅ ቱቦ የሙቀት ሠንጠረዥና የላስታ ከፍታ

የራጅ ቱቦ በመሠረቱ አነስተኛ የቅንጣት ማፋጠኛ ነው። ከካቶድ የሚነሡ ኤሌክትሮኖች በከፍተኛ ቮልቴጅ ተፋጥነው የቱንግስተን አኖድን ይመታሉ። ከዚህ ምት ወደ ራጅ ጨረር የሚለወጠው ጉልበት 1 ከመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ የቀረው ሙቀት ሆኖ እጅግ ጠባብ በሆነ ቦታ ላይ ያርፋል። ቱንግስተን የሚቀልጠው በ3,422 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆንም አኖዱ ሳይቀልጥም ሊሻክርና ሊሰነጠቅ ይችላል። በዚህም ምክንያት ማንኛውም ቱቦ የሚሸከመውን ሙቀት የሚተምን ሠንጠረዥና የማቀዝቀዣ ኩርባ አብሮት ይመጣል።

ሠንጠረዡ በስሌት የተደረሰበት ግምት ነው፤ በላስታ ደጋ ለሚሠራ የራጅ ባለሙያ ግን እንደ ሕግ ይቀርብለታል። ቱቦው በተበላሸ ጊዜ በሳንባ ነቀርሳ የተጠረጠረውም ሆነ አጥንቱ የተሰበረው ሕመምተኛ ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ መጓዝ ግድ ስለሚሆንበት፣ ስሌቱ በምን ላይ እንደቆመ መመርመር ተገቢ ይሆናል።

የስሌቱ ጠንካራ ክፍል አኖዱን የሚመለከተው ነው። ኦስተርካምፕ የተባለው የፊሊፕስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተማቸው ጽሑፎች፣ ምቱ ያረፈበት ገጽ የሚደርስበትን የሙቀት መጠን ከኃይሉ፣ ከቦታው ስፋትና ከቆይታው ጋር አያይዞ አስልቷል። ይህ ስሌት የትም ቢሄዱ አይለወጥም። ቱቦው ውስጥ አየር ስለሌለ ከፍታ አይነካውም፤ ቱንግስተንም በላሊበላ ሆነ በኔዘርላንድ ያው ቱንግስተን ነው።

ድክመቱ የሚጀምረው ሙቀቱ «ሂት ዩኒት» በሚባለው መስፈሪያ ሲደመር ነው። ኪሎ ቮልት፣ ሚሊ አምፔርና ሰከንድ ተባዝተው የሚገኘው ይህ ቁጥር ለአጠቃቀም ቢያመችም ፍጥነትን ይሰውራል። በ0.1 ሰከንድ የፈሰሰና በ10 ሰከንድ የፈሰሰ ሙቀት በድምር እኩል ቢሆኑም በአኖዱ ገጽ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ፈጽሞ አይመሳሰልም። የዚህ ነገር ግዙፍ ማስረጃ በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው በሰርን የምርምር ማዕከል ታይቷል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2004 በሙከራ ላይ የነበረ የፕሮቶን ጨረር አቅጣጫውን ስቶ የብረት ቧንቧ መታ። ጨረሩ የያዘው ጉልበት 2.5 ሚሊዮን ጁል ያህል ነበር፤ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ በሚፈላበት በላሊበላ ከፍታ ስምንት ሊትር ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ማለት ነው። ለአንድ ድስት ውሃ የሚሆነው ይህ ጉልበት በጥቂት ማይክሮ ሰከንዶች ስላረፈ ቧንቧውን 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ሰነጠቀው።

ሁለተኛው ድክመት የማቀዝቀዣው ኩርባ ነው። ከአኖዱ የወጣ ሙቀት ወደ ዘይቱ፣ ከዘይቱም ወደ ቱቦው መያዣ አልፎ በመጨረሻ ለክፍሉ አየር ይሰጣል። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በራሱ የሚዘዋወር አየር የሚወስደው ሙቀት በዚህ የተነሣ በአንድ ስምንተኛ ያህል ይቀንሳል፤ በማራገቢያ የሚገፋ ከሆነ ቅነሳው ወደ አንድ አምስተኛ ይጠጋል። ይሁንና ጉዳዩን ማጋነን አይገባም፤ የደጋው ቅዝቃዜ ከጉድለቱ የተወሰነውን ያካክሳል። መብራት ሲጠፋ ማራገቢያው መቆሙ ከከፍታው ይልቅ ሊያሳስብ ይገባል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሠንጠረዡ ጨርሶ የማይናገረው ነገር ነው። ሠንጠረዡ የሚያስጠነቅቀው ስለ ጋለ አኖድ ብቻ ነው። ቱንግስተን በቀዝቃዛነቱ ተሰባሪ በመሆኑ፣ ቆሞ በሰነበተ ቱቦ ላይ በመጀመሪያ የሚተኮሰው ከባድ ምት፣ ለምሳሌ የወገብ አከርካሪ ራጅ፣ በሠንጠረዡ ከተፈቀደው በታች ሆኖም አኖዱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ይህ ለላስታ የሩቅ ሥጋት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ላሊበላ ከደረሰ በኋላ አካባቢው ለወራት ያለ ኤሌክትሪክ ኖሯል። መብራት የተመለሰ ዕለት ወረፋው ረዥም ነው፤ አኖዱም ቀዝቃዛ ነው፤ ሠንጠረዡ ደግሞ በዚያ ሰዓት «ሙሉ አቅም አለ» ይላል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ሕመምተኛ ሳይገባ፣ በር ተዘግቶ፣ በአነስተኛ ኃይል ጥቂት ጊዜ በመተኮስ ቱቦውን ማሟሟቅ፣ ለረዥም ጊዜ የቆመ ከሆነም ቮልቴጁን ደረጃ በደረጃ ከፍ እያደረጉ ማለማመድ ነው። የአምራቾች መመሪያም ይህን ያዝዛል፤ የሚያዝዘው ግን ከሠንጠረዡ በራቀ ሌላ ገጽ፣ በባዕድ ቋንቋ ነው፤ ከራጅ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ደግሞ ሠንጠረዡ ብቻ ነው።