አረጋውያንና የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት፤ በሁለት ሰነዶች ላይ የቀረበ ሂስ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ያወጣው የአካል እንቅስቃሴ መመሪያ፣ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ ቢያንስ በ3 ቀናትም ሚዛን የሚያስጠብቁና ጡንቻ የሚያጠነክሩ ልምምዶችን እንዲጨምሩ ያሳስባል። የዚህ ዓላማ መውደቅን መከላከል ነው። የምክሩ ትክክለኛነት አያከራክርም፤ ሂሳችን የሚያተኩረው በአቀራረቡ ላይ ነው።

መመሪያው መለኪያ ያደረገው ደቂቃን ነው። በማክሰኝት አካባቢ ግን ፊደል ያልቆጠሩ አረጋውያን ድካማቸውን የሚለኩት በመንገዱ ርቀትና በፀሐይዋ አቅጣጫ ነው። ገበያ በእግሩ ደርሶ የሚመለስ አረጋዊ የተባለውን ደቂቃ ሳይቆጥረው ሊያሟላ ይችላል። ስለዚህ ለከተሜው የተዘጋጀውን የእግር ጉዞ ቅስቀሳ እንዳለ ወደዚያ መውሰድ የሚያውቁትን መልሶ ማስተማር ይሆናል። ትኩረት የሚያሻው ሚዛንና ጥንካሬ ነው።

ሁለተኛው ሰነድ 4ኛው የትምህርት ዘርፍ ልማት ፕሮግራም (2003–2007 ዓ.ም.) ነው። ፕሮግራሙ ንባብን፣ ጽሕፈትንና ስሌትን ከኑሮ ጋር ያቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ማቀዱ የሚያስመሰግነው ነው። ሆኖም ዕቅዱ ያነጣጠረው ከ15 እስከ 60 ዓመት ባሉት ላይ ነበር። እንግዲህ አንዱ ሰነድ ምክር ይዞ ማስተማሪያ ዘዴ አጣ፤ ሌላው ዘዴ ይዞ ሽማግሌውን ከደጅ አስቀረ።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ5 ቋንቋዎች ተነሥቶ ወደ 15 መድረሱ፣ ትምህርት ወደ ተማሪው ሊሄድ እንደሚገባው አስተምሮናል። በመሆኑም የአረጋውያን ልምምድ እንደ ማኅበርና እንደ እድር ካሉ ነባር ስብስቦች ቢጀመር ይበጃል። መምህሩ ከጽሑፍ ይልቅ በራሱ አካል ያሳይ፤ እጅን ሳይደገፉ ከበርጩማ መነሣትን፣ ግድግዳ ይዞ በአንድ እግር መቆምን፣ ተረከዝን ከጣት አስጠግቶ መራመድን። እስክስታም የትከሻ ማፍታቻ ሊሆን ይችላል። የጾም ሰዓት ይታሰብበት፤ የደረት ሕመም ወይም ማዞር የተሰማው ወዲያው አቁሞ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ከሁሉም በላይ ፊሽካና የተማሪ ሰልፍ ለአረጋውያን አይገባም። ሥራው በአንቱታ ይመራ፤ ዕቅድ አውጪዎችም የ60 ዓመቱን ወሰን ያንሡ። መውደቅ አደጋው የሚብሰው ከዚያ ወሰን በኋላ ነውና።