የበዓል ዋዜማ የክለሳ ጨዋታዎችና የዝምተኛው ተማሪ ድርሻ

በትምህርት ዘመኑ ውስጥ መምህሩን ከሚፈትኑት ጊዜያት አንዱ የበዓል ዋዜማ ነው። በተለይም ከገና በፊት ባሉት ቀናት የተማሪው ልብ ከክፍሉ ይልቅ ወደ ቤቱ ያዘነብላል፤ በአንፃሩ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና እየተቃረበ ስለሚሄድ የተማረውን መከለስ ግድ ይሆናል። መምህራን እነዚህን ሁለት ነገሮች ለማስታረቅ ከሚመርጧቸው መንገዶች አንዱ ክለሳውን በጨዋታ መልክ ማቅረብ ነው። ሐሳቡ የሚደገፍ ነው። ሆኖም ጨዋታው ክፍሉን ስላሞቀ ብቻ ክለሳ ተካሂዷል ለማለት አይቻልም። ጨዋታው ሊመዘን የሚገባው በቀሰቀሰው ሣቅና ጭብጨባ ሳይሆን፣ ስንቱን ተማሪ ስንት ጊዜ እንዲያስታውስ አስገደደ በሚለው ጥያቄ ነው።

ማስታወስ የክለሳ ዋና ተግባር መሆኑን የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ካነበቡ ተማሪዎች ከፊሎቹ ደግመው እንዲያነቡት፣ ከፊሎቹ ደግሞ ጽሑፉን ሳያዩ የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ አድርገዋል። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከ2 ቀንና ከ1 ሳምንት በኋላ በተደረገው ፈተና ግን ከአእምሯቸው አውጥተው የጻፉት ተሽለው ተገኙ። በዓል ደግሞ በትምህርቱና በፈተናው መካከል የሚገባ የቀናት ክፍተት ነው። በመሆኑም ከበዓል በፊት የሚደረግ ክለሳ ተማሪውን አድማጭ ብቻ የሚያደርግ ከሆነ፣ ለዕለቱ የገባው የሚመስለው ትምህርት ከበዓሉ ማግሥት የመገኘቱ ነገር ያጠራጥራል።

በዚህ ሚዛን በመጀመሪያ ሊታይ የሚገባው የጥያቄና መልስ ውድድር ነው። ውድድሩ በሰው ፊት የመናገርን ድፍረት ያዳብራል፤ ጥያቄን አጥርቶ የማዳመጥ ልማድም ይፈጥራል። ጉድለቱ በድርሻ አከፋፈሉ ላይ ነው። 60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል 4 ተወዳዳሪዎች ወደ ፊት ወጥተው በ40 ደቂቃ ውስጥ 20 ጥያቄዎች ቢመልሱ፣ ለእያንዳንዳቸው 5 ጥያቄ ይደርሳቸዋል፤ የቀሩት 56 ተማሪዎች ግን የሚደርሳቸው ማጨብጨብ ነው። ያልተመለሰ ጥያቄ ለተመልካች ይተላለፋል ቢባልም፣ እጁን ቀድሞ የሚያወጣው ያው የታወቀው ተማሪ ነው። ተወዳዳሪዎቹም የሚመረጡት በደረጃቸው ስለሆነ፣ ክለሳው እጅግ የሚያስፈልገው ተማሪ ከክለሳው ውጭ ሆኖ ይቀራል። ተሳስቶ የተሣቀበት ተማሪ ደግሞ በሌላ ቀን አፉን ለመክፈት እንደሚፈራ መምህራን ያውቁታል።

ይህ አሠራር ከበዓሉ ባህል ጋር ሲነፃፀር የሚያስገርም ነው። የገና ጨዋታ ጌታና አሽከር በአንድ ሜዳ የሚጋፉበት፣ ጌታም ቢመታ የማይቆጣበት ጨዋታ መሆኑ በአገሩ የታወቀ ነው። ሜዳው ለአንድ ቀን ደረጃን ይሽራል። የክፍሉ ውድድር ግን የዓመቱን ሙሉ ደረጃ በጨዋታ ስም ያጸናል።

ሁለተኛው እንቆቅልሽ ነው። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱን ካጣም ጠያቂው «ሀገር ስጠኝ» ብሎ ሀገር ከተቀበለ በኋላ መልሱን ይነግረዋል። በዚህ ሕግ ውስጥ ሁለት ትልልቅ የማስተማሪያ ጥቅሞች አሉ። አንደኛ፣ ያላወቀ ሰው ከጨዋታው አይወጣም፤ ቅጣቱን ከፍሎ ትክክለኛውን መልስ ይቀበላል፤ ተራው ሲደርስም ጠያቂ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ቅጣቱ ራሱ ትምህርት ሊሆን ይችላል። በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ያልተጠራ ከተማ ወይም ወንዝ እንዲሰጥ ቢታዘዝ፣ የተሸነፈውም የሚያውቀውን ያስታውሳል። ሀገር ከተሰጠ በኋላ በልማድ የሚከተለው ስድብ ግን በክፍል ውስጥ ቢቀር ይሻላል።

60ው ተማሪዎች በ30 ጥንድ ተከፍለው በደቂቃ አንድ ጥያቄ ቢለዋወጡ፣ በ20 ደቂቃ ውስጥ እያንዳንዱ ተማሪ 10 ጥያቄ ጠይቆ 10 ይመልሳል። ከውድድሩ ጋር ያለው ልዩነት በግልጽ የሚታይ ነው። ሆኖም እንቆቅልሽም እንከን አያጣም። የሚስማማው በአጭሩ ለሚመለስ ትምህርት፣ ይኸውም ለቃላት ፍቺ፣ ለስያሜና ለዘመን ነው፤ የሒሳብን ስሌት ወይም የአንድን ታሪካዊ ድርጊት ምክንያት ለማስረዳት ጠባብ ነው። ከዚህም በላይ ሁለቱም ተማሪዎች ከተሳሳቱ ስሕተቱ እንደ እውነት ጸንቶ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው ከደብተር የወጣ፣ መልሱም ከነገጹ የተመለከተ ሊሆን ይገባል፤ መምህሩም በመደዳዎቹ መካከል እየተዘዋወረ ማዳመጥ አለበት።

ሦስተኛው ቶምቦላ ነው። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ 15 መልሶች ይጽፋል፤ ተማሪው ደብተሩ ላይ 9 ሳጥን ሠርቶ ከእነዚህ የመረጣቸውን 9 ያሰፍራል፤ ጥያቄው ሲነበብ ተስማሚውን መልስ ይሰርዛል። ከወረቀትና ከጠመኔ በቀር ወጪ የለውም፤ ሁሉንም ተማሪ በአንድ ጊዜ ያሳትፋል፤ ዕድልም ስላለበት ደካማው ሊያሸንፍ ይችላል። ነገር ግን መልሱ በዐይን ፊት ተጽፎ ስለሚገኝ፣ ተማሪው ከማስታወስ ይልቅ ወደ መለየት ያደላል፤ ከጎረቤቱም ሊገለብጥ ይችላል። ይህን ለማቃለል፣ አሸናፊው የሰረዛቸው መልሶች ለየትኞቹ ጥያቄዎች እንደሆኑ ሰሌዳው ተሸፍኖ እንዲያስረዳ ማድረግ ይጠቅማል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ፍርድ ውድድር ይቅር፣ እንቆቅልሽ ብቻ ይኑር የሚል አይደለም። ውድድሩ ራሱ ቢሆን፣ ጥያቄው ሲነበብ ሁሉም ተማሪ መልሱን በወረቀት እንዲጽፍ፣ የቡድኑም ተጠሪ በዕጣ እንዲወጣ ቢደረግ ጉድለቱ በእጅጉ ይቀንሳል። ዋናው ቁም ነገር ግን ጨዋታው በዋዜማው የሚያበቃ አለመሆኑ ነው። ተማሪዎች የተሳሳቷቸው ጥያቄዎች ተሰብስበው ቢቀመጡና ከበዓሉ በኋላ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እንደገና ቢጠየቁ፣ የክለሳው ፍሬ ያን ጊዜ ይታያል። በዚያ ቀን ሊጠየቅ የሚገባው በዋዜማው ያሸነፈው ተማሪ አይደለም። በመጨረሻው መደዳ የተቀመጠው፣ መንፈቀ ዓመቱን ሙሉ ድምፁ ያልተሰማው ተማሪ ቢያንስ አንዱን ጥያቄ ከመለሰ፣ ጨዋታው በእርግጥ ክለሳ ነበር ማለት ነው።